የኮሶ ዛፍና የሰብሳቢዎች መንገድ

የደጋ ሰው ኮሶን ያወቀው በሽታው አስገድዶት ነው። ጥሬ ሥጋ የሚወድ አገር የኮሶ ትል አያጣውም፤ መድኃኒቱም ከደጃፉ አልራቀም። የሴቴው ዛፍ ቀላ ያለ አበባ ተለቅሞ ይደርቃል፤ ተፈጭቶ በውሃ ይበጠበጥና በባዶ ሆድ ይጠጣል። ከአዲስ አበባ በስተሰሜን፣ ከጉለሌ በላይ ባለው የእንጦጦ ተዳፋት ላይ ይህ ዛፍ ከጥድና ከወይራ ጋር ተቀላቅሎ ይበቅል ነበር። ለደገኛው ዛፉም፣ መድኃኒቱም፣ የመጠጣቱ ልማድም አንድ ነገር ነበሩ። ሰብሳቢዎች በመጡ ጊዜ ግን ተለያዩ፤ ቅጠሉ ወደ አንድ ቤት፣ ልማዱ ወደ ሌላ ቤት ገባ። የተለያዩበትና እንደገና ለመገናኘት የሚሞክሩበት ታሪክ ሁለት መቶ ኀምሳ ዓመት ያህል ይወስዳል፤ መነሻው ጎንደር፣ መድረሻው ጉለሌ ነው።

ጭኖ የሚሄደው እንግዳ

ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም. ጎንደር ሲገባ ሉዊጂ ባሉጋኒ የሚባል ጣሊያናዊ ሠዓሊ አብሮት ነበር። ብሩስ የዓባይን ምንጭ ሲያሳድድ ባሉጋኒ ወፎችንና ዕፀዋትን ይሥል ነበር፤ ከሣላቸው አንዱ ኮሶ ነው። ሠዓሊው አገሩን ዳግም አላየም፤ ጎንደር ላይ ታሞ ሞተ። ሥዕሎቹ ግን ከብሩስ ጋር ተመለሱ፤ ብሩስም የራሱ ሥራ አስመስሎ አቀረባቸው። ዛሬ የሚገኙት አሜሪካ ውስጥ፣ በዬል ዩኒቨርሲቲ የብሪታንያ ሥነ ጥበብ ማዕከል ነው።

ብሩስ ለኮሶ የሰጠው ሳይንሳዊ ስም አልጸናም። እ.ኤ.አ. በ1791 ጀርመናዊው ግሜሊን ዛፉን በአገሩ ልጅ፣ በኮኒግስበርጉ ምሁር በካርል ጎትፍሪድ ሐገን ስም ጠራው። ሐገን ኢትዮጵያን ረግጦ አያውቅም። ከዚያ ወዲህ ኮሶ በዓለም የዕፀዋት መዝገብ «ሐጌኒያ አቢሲኒካ» ሆኖ ቀረ። መድኃኒቱን ያገኙት፣ መጠኑን የለኩት፣ ለማን እንደሚሰጥና ለማን እንደማይሰጥ የሚያውቁት ሰዎች በመዝገቡ ውስጥ ቦታ አልነበራቸውም።

እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ መጀመሪያ የፍራንክፈርቱ ኤድዋርድ ሩፔል የሰሜንን ተራሮች ተሻግሮ ጎንደር ደረሰ። ዋልያንና ጭላዳን ለአውሮፓ ሳይንስ ያስተዋወቀው እሱ ነው፤ ሁለቱንም እ.ኤ.አ. በ1835 ጽፎ አሳወቃቸው። የሰበሰባቸው እንስሳትም ፍራንክፈርት፣ ሰንከንበርግ ሙዚየም ገቡ። ከእሱ ጥቂት ዓመታት በኋላ ቪልሄልም ሺምፐር መጣ። ሺምፐር እንደ ሌሎቹ ሰብስቦ የሚመለስ እንግዳ አልነበረም፤ እ.ኤ.አ. በ1837 ትግራይ ገብቶ፣ አገር ለምዶ፣ ኢትዮጵያዊት አግብቶ እ.ኤ.አ. በ1878 አድዋ ላይ እስኪሞት ድረስ እዚሁ ኖረ። ያደረቃቸው ዕፀዋት ግን እሱ እንደ ቀረ አልቀሩም። ጀርመን ውስጥ ለነበረ የተፈጥሮ ወዳጆች ማኅበር እየተላኩ፣ ከዚያም ለየሙዚየሙ እየተሸጡ በአውሮፓ ከተሞች ተበተኑ።

የተበተነው ነገር ተራ ደረቅ ቅጠል ቢሆን ብዙም ባላሳሰበ። የዕፀዋት ተመራማሪ አዲስ ዝርያ ሲያገኝ ስም የሚያወጣለት አንድን ናሙና መሠረት አድርጎ ነው። ከዚያ በኋላ ስለዚያ ዝርያ ጥርጣሬ ቢነሣ ዳኛው ያ የመጀመሪያው ናሙና ነው። የኢትዮጵያ ዕፀዋት ዳኞች ፓሪስና ለንደን፣ በርሊንና ፍሎረንስ ተቀመጡ። እ.ኤ.አ. በ1943 የበርሊኑ የዕፀዋት ቤት በአውሮፕላን ቦምብ ሲነድ ከዓለም ዙሪያ የተሰበሰቡ እጅግ ብዙ ናሙናዎች አመድ ሆኑ፤ ከኢትዮጵያ የሄዱትም በዚያ ነበሩ። አንድ ኢትዮጵያዊ በገዛ ማሳው ዳር የበቀለውን ተክል በእርግጠኝነት ለመለየት ባሕር መሻገር የሚኖርበት ዘመን እንዲህ ተጀመረ።

የባህል ቅርስ ደግሞ በጦር ኃይል ወጣ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ስትወድቅ ከእንግሊዝ ጦር ጋር የብሪቲሽ ሙዚየም ባልደረባ ሪቻርድ ሆምስ አብሮ ዘምቶ ነበር። የተዘረፈው ዕቃ ደላንታ ላይ ለሁለት ቀን በጨረታ ተሸጠ፤ ሆምስ ለሙዚየሙ ገዛ። የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስት እንደጻፉት ዘረፋውን ለማጓጓዝ 15 ዝሆኖችና ወደ 200 የሚጠጉ በቅሎዎች አስፈልገዋል። መስቀሉ፣ ጽላቱና ብራናው ከተሰቀሉበት፣ ከነገሡበትና ከተነበቡበት ቦታ ተነቅለው በመስታወት ሣጥን ወይም በተቆለፈ መጋዘን ገቡ።

እንጦጦ ላይ

በ1870ዎቹ ምኒልክ እንጦጦ ላይ ሲሰፍሩ ከተራራው በታች ያለው ምድር የጉለሌ ኦሮሞዎች ርስት ነበር፤ ስሙም ከእነሱ ቀረ። ደጋው በጥድ፣ በወይራና በኮሶ የተሸፈነ ነበር። ቤተ መንግሥትና ቤተ ክርስቲያን ሲሠሩ፣ ሠራዊት ሲሰፍር፣ እሳት ሲነድ ደኑ አፈገፈገ። በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከተቆረቆረች በኋላ የእንጨት እጦቱ እየባሰ ሄዶ ምኒልክ መናገሻውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ መጀመር ደርሰው ነበር። ከተማዋን ያቆማት ባሕር ዛፍ ነው። በ1887 ዓ.ም. አካባቢ በአውስትራሊያ የሚበቅለው ይህ ዛፍ ገባ፤ ያስገባው ፈረንሳዊው ሞንዶን ቪዳዬ እንደሆነ ይነገራል። ፈጥኖ ያድጋል፣ ተቆርጦ ያቆጠቁጣል፤ በጥቂት ዐሥርት ዓመታት ውስጥ እንጦጦን አለበሰው። ከጉለሌ በላይ ያለው ኮረብታ አረንጓዴ ሆኖ ሳለ የአገሩ ዛፍ የጠፋበት ምክንያት ይህ ነው። ከእንጦጦ እስከ ሽሮ ሜዳ ጭራሮና ቅጠል አዝለው የሚወርዱት ሴቶች ኑሮም በዚሁ ዛፍ ላይ ተመሠረተ።

እንጦጦ ማርያም ግን ሌላ ዓይነት ስብስብ ይዛ ነበር። ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ተብለው የተቀቡት በዚህች ቤተ ክርስቲያን ነው። ነገሥታት ለደብር አልባሳት፣ ከበሮ፣ መስቀልና ዘውድ ይሰጣሉ፤ ደብሩም በዕቃ ቤቱ ያኖራቸዋል። የዕቃ ቤት አሠራር ከሙዚየም የሚለየው ዕቃው ከሥራ ባለመውጣቱ ነው። ካባው በክብረ በዓል ይለበሳል፤ ከበሮው ይመታል፤ ማን እንደሰጠውና ለምን እንደሰጠ የሚያውቅ ሰው በአጠገቡ አለ። ዛሬ በቅጥሩ ውስጥ ባለው ሙዚየም የምኒልክና የጣይቱ አልባሳትና ንዋያት ለጎብኚ ይታያሉ። የአዲስ አበባ ታላላቅ ሙዚየሞች ሳይታሰቡ ከጉለሌ በላይ ዕቃን ከነታሪኩ የመጠበቅ ልማድ ነበር።

የውጭ ሰብሳቢዎችም አልተቋረጡም። በ1919 ዓ.ም. የቺካጎው ፊልድ ሙዚየም ከከተማው ጋዜጣ ከቺካጎ ዴይሊ ኒውስ ጋር ሆኖ የላከው ቡድን አዲስ አበባ ገባ፤ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪም ተቀበሉት። ከቡድኑ አባላት አንዱ በዘመኑ የአሜሪካ ታላቅ የወፍ ሠዓሊ የነበረው ሉዊ አጋሲ ፉየርቴስ ነው። ፉየርቴስ የኢትዮጵያን ወፎች ገና ቀለማቸው ሳይደበዝዝ ይሥላቸው ነበር፤ የሞተ ወፍ የዓይኑና የእግሩ ቀለም በሰዓታት ውስጥ ስለሚጠፋ ቆዳው ብቻ ወደ ሙዚየም ቢሄድ እውነቱን አይናገርም። አገሩ በተመለሰ በጥቂት ወራት ውስጥ መኪናው ከባቡር ጋር ተጋጭታ ሕይወቱ አለፈ፤ በመኪናው ውስጥ የነበሩት የኢትዮጵያ ሥዕሎች ግን ተረፉ። በአምስት ዓመቱ ደግሞ ፓሪስ የላከችው የዳካር–ጅቡቲ የምርምር ቡድን ጎንደር ላይ የአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያንን የግድግዳ ሥዕሎች ከግድግዳው አላቅቆ ወሰደ፤ በቦታቸውም ቅጂ አደረገ። ከብሩስ እስከዚህ ድረስ ሕጉ አልተለወጠም፦ ዕቃው ይሄዳል፣ ታሪኩን የሚያውቀው ሰው ይቀራል።

መኝታ ቤቱ ሲከፈት

ከሽሮ ሜዳ ቁልቁል ሲወረድ ስድስት ኪሎ ላይ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት አለ። በጣሊያን ወረራ ዘመን የእንደራሴው መቀመጫ ነበር። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. እንደራሴው ግራዚያኒ በቅጥሩ ውስጥ ለድኆች ምጽዋት ሲያስከፋፍል አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ ወረወሩበት። የበቀሉ እልቂት ለሦስት ቀን አዲስ አበባን አነደዳት። ጣሊያኖች ከሕንፃው ፊት ለፊት ወደ ሰማይ የሚወጣ ጠመዝማዛ ደረጃ ሠሩ፤ እያንዳንዱ እርከን እ.ኤ.አ. ከ1922 ወዲህ ሙሶሊኒ በሥልጣን የቆየበትን አንድ ዓመት የሚቆጥር ነበር። ከነጻነት በኋላ ደረጃው አልፈረሰም፤ ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት። የትኛውም መግለጫ ጽሑፍ ሳይለጠፍበት ድሉን የሚናገር ዕቃ ሆነ።

የቀድሞው ራስ ተፈሪ፣ ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ፣ ከስደት ተመልሰው በገነተ ልዑል ኖሩ። አራት ኪሎ ላይ ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተከፈተ። በኮሌጁ ውስጥ በ1940ዎቹ የተቋቋመው የባህል ጥናት ማኅበር ከተማሪዎች ጋር የሠራው ሥራ በዚህ ታሪክ ውስጥ መታጠፊያ ነው። ተማሪዎቹ ከየክፍለ ሀገሩ የመጡ ስለነበሩ የየአካባቢያቸውን የጋብቻ፣ የልቅሶና የእርሻ ልማድ ጻፉ፤ በማኅበሩ መጽሔትም አሳተሙ። እዚያ ላይ ነው ሕጉ የተሰበረው፤ ሰብሳቢውና ባለታሪኩ አንድ ሰው ሆኑ። የአንድን ማሰሮ ስም፣ ሠሪና አገልግሎት ለመጠየቅ አስተርጓሚ አላስፈለገም፤ የእናቱ ቤት ማሰሮ ነበር።

የኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ፖላንዳዊው ስታኒስላው ሆይናትስኪ ሲሆን፣ ኮሌጁ የጀመረውን የሙዚየም ሥራም የያዘው እሱ ነበር። መስቀል፣ ሥዕለ አድኅኖ፣ የዜማ መሣሪያ፣ የቤት ዕቃ እየተሰበሰበ ቁጥሩ በዛ። ቦታ ግን አልነበረም። ቦታውን ያስገኘው ደም ነው። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ብራዚል ሳሉ የክቡር ዘበኛ መፈንቅለ መንግሥት ተሞከረ፤ ታጋች ሆነው የተያዙ ሹማምንት በዚሁ ቤተ መንግሥት ውስጥ በጥይት ተገደሉ። ንጉሠ ነገሥቱ ከዚያ በኋላ በገነተ ልዑል መኖር አልፈለጉም፤ ሕንፃውን ለትምህርት ሰጡ። በ1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ፣ የዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ በቤተ መንግሥቱ ቅጥር ተመረቀ።

እ.ኤ.አ. በ1963 በዚሁ ሕንፃ የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ተመሠረተ። የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሪቻርድ ፓንክረስት ሆኑ፤ ሆይናትስኪም ቤተ መጻሕፍቱንና ሙዚየሙን ይዞ ቀጠለ። ዘመኑ ለቅርስ አስቸጋሪ ነበር። ቱሪስት በዝቷል፤ ሥዕለ አድኅኖና መስቀል ከየገጠሩ እየተለቀመ ለአዲስ አበባ ነጋዴዎች ይቀርባል። የተቋሙ በጀት ከነጋዴው ዋጋ ጋር አይወዳደርም። እ.ኤ.አ. በ1968 የተቋሙ ወዳጆች ማኅበር የተቋቋመው ገንዘብ አሰባስቦ ቅርሱ ከአገር ሳይወጣ ለመግዛት ነው። ዛሬ ሙዚየሙ በሥዕላትና በመስቀል ስብስቡ የሚታወቀው በዚያ እሽቅድምድም ነው። ሆይናትስኪ ያጠናቸውን ሥዕሎች መሠረት አድርጎ ስለ ኢትዮጵያ ሥዕል የጻፈው መጽሐፍ ለዘርፉ መነሻ ሆነ። ፓንክረስት ደግሞ በእርጅናቸው ዘመን የመቅደላ ቅርስ እንዲመለስ ከሚታገሉት ግንባር ቀደሙ ነበሩ፤ ዝሆኖቹን ሲቆጥሩ ዓላማቸው ቁጥሩ አልነበረም።

ኋላ ላይ ሙዚየሙ ዐውደ ርእዩን እንደገና ሲያደራጅ ዕቃዎቹን በብሔር ወይም በዕድሜ አልደረደራቸውም። የሰው ልጅን ሕይወት ተከተለ፦ ልደትና ሕፃንነት፣ ጎልማሳነትና ሥራ፣ ሞትና ከሞት በኋላ። የአርብቶ አደሩ ብርኩማ፣ የገበሬው ሞፈር፣ የኮንሶ የመቃብር ምስሎች በአንድ ሰው ዕድሜ ላይ ተሰለፉ። ጎብኚው ከእነሱ ወጥቶ የንጉሠ ነገሥቱን መኝታ ቤት ያያል፤ ከፍ ብሎም ክራርና መሲንቆ፣ በገናና እምቢልታ፣ ሥዕላትና መስቀሎች ይጠብቁታል። ገበሬ ደጅ ጠንቶ እንኳ የማይደርስበት ክፍል አጠገብ የገበሬው ዕቃ ቋሚ ነዋሪ ሆኗል።

ቅጠል በጋዜጣ

ተፈጥሮ ግን ሌላ ቤት ነበረው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ አራት ኪሎ ላይ የብሔራዊ ዕፀዋት ቤት፣ ተመራማሪዎቹ ሀርባሪየም የሚሉት፣ ተቋቋመ። ሥራው ትዕግሥት ይጠይቃል። ተመራማሪው ቅርንጫፉን ከነአበባው ቆርጦ በጋዜጣ መሐል ይዘረጋል፤ በሰሌዳ ጠፍንጎ ያደርቃል፤ ጠንካራ ወረቀት ላይ ያጣብቃል። ከታች በቀኝ በኩል መግለጫው ይጻፋል፦ ቦታው፣ ከፍታው፣ ቀኑ፣ የሰብሳቢው ስምና ቁጥሩ፣ የአካባቢው ሰው የሚጠራበት ስም። ሕዝቡ ለምን እንደሚጠቀምበት የሚጻፍበት ቦታ ጠባብ ነው፤ ብዙ ጊዜም ባዶ ይቀራል።

በኅዳር 1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ ሉሲ ስትገኝ አገሩ በስብስብ ጉዳይ አዲስ ጥያቄ ገጠመው። ዐፅሟ ለጥናት ለጥቂት ዓመታት ወደ አሜሪካ ቢሄድም ተመልሶ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ሙዚየም ንብረት ሆነ። ከሺምፐር ዘመን ጋር ሲተያይ ልዩነቱ ግልጽ ነው፤ ዐፅሙ ራሱ አሁን አዲስ አበባ ተቀመጠ።

በዕፀዋት በኩል ያን ያህል የገነነ ዜና አልነበረም፤ ሥራው ግን ይበልጣል እንጂ አያንስም። እ.ኤ.አ. በ1980 አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የስዊድኑ ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያን ዕፀዋት ሁሉ ለመመዝገብ ተነሡ። ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር፣ ሱ ኤድዋርድስ፣ ኢንጋ ሄድበርግ፣ ኋላም ሰብስቤ ደምሰው ሥራውን መሩት። መንግሥት ተለወጠ፣ ጦርነት መጣ፣ ኤርትራ ራሷን የቻለች አገር ሆነች፤ መዝገቡ ግን የሁለቱንም አገር ስም ይዞ ቀጠለ። በመጀመሪያ የታተመው 3ኛው ቅጽ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1989 ወጣ፤ ኮሶ ያለበት ቤተሰብ የተመዘገበውም በዚያ ነው። ሥራው እ.ኤ.አ. በ2009 ሲጠናቀቅ 8 ቅጽ ሆኖ በ10 መጻሕፍት ተጠረዘ። ወደ 6,000 የሚጠጉ ዝርያዎች ተለዩ፤ ከዐሥሩ አንዱ ያህል በዚህ አካባቢ ብቻ የሚገኝ ነው።

በዚህ መሐል ጉለሌ ውስጥ ሦስተኛ ቤት ተሠርቶ ነበር። ሕዝቡ «ፓስተር» ብሎ በሚያውቀው የጤና ምርምር ተቋም ውስጥ የባህል መድኃኒት ክፍል የአገሩን ዕፀዋት በቤተ ሙከራ ይፈትሽ ጀመር። እንግዲህ ኮሶ በሦስት ተከፈለ። ቅጠሉ አራት ኪሎ በጋዜጣ ደርቋል፤ ውስጡ ያለው ኬሚካል ጉለሌ ተመረመረ፤ ፈዋሾች ክታብ የሚጽፉበትና መድኃኒት የሚሰጡበት ባህል ስድስት ኪሎ ይጠናል። ሦስቱ ተቋማት በታክሲ አንድ ሰዓት አይራራቁም። አንዱ የሌላውን መዝገብ ካልገለጠ ግን ኮሶን ማንኛቸውም ሙሉ አያውቁትም።

በሥሩ የቆመ ስብስብ

በ2000ዎቹ መጀመሪያ የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደርና አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጉለሌ ዕፀዋት ማዕከልን አቋቋሙ። ሥፍራው 705 ሄክታር ነው፤ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ፣ በጉለሌና በኮልፌ ቀራንዮ አዋሳኝ ይገኛል። የመዝገቡን ሥራ ከመሩት አንዱ ሰብስቤ ደምሰው ማዕከሉንም መርተዋል። መዝገቡ በ10 መጻሕፍት የገለጸውን በሕይወት ማቆም ቀጣዩ እርምጃ መሆኑ ነው።

የመጀመሪያው ጣጣ ባሕር ዛፍ ነበር። ኮረብታውን የያዘው እሱ ነው፤ በአንድ ጊዜ ቢነቀል አፈሩ በክረምት ዝናብ ይታጠባል። ስለዚህ በየክፍሉ እየተነሣ በምትኩ ጥድ፣ ወይራ፣ ኮሶና ሌሎች አገር በቀል ዛፎች ይተከላሉ። ምኒልክ ከተማቸውን ያተረፉበት ዛፍ ቀስ እያለ ቦታውን ለቀደምቱ ይለቃል። ደን ሲመለስ ወፎቹም ይከተላሉ፤ ፉየርቴስ በቀለም ሊይዛቸው የተጣደፈላቸው የደጋ ወፎች በዚህ ኮረብታ በሕይወት ይታያሉ። ተማሪዎች ይመጣሉ፤ ዛፉን ከነቅርፊቱ ይዳስሳሉ፤ የመድኃኒት ዕፀዋት በተለየ ክፍል ተተክለው ያያሉ።

ሕያው ስብስብ የራሱ ችግር አለው። ደረቅ ናሙና በጥሩ መደርደሪያ መቶ ዓመት ይቆያል፤ ዛፍ ግን ውርጭ ይመታዋል፣ ድርቅ ያገኘዋል፣ ለማገዶ ይቆረጣል። ጠባቂ፣ አጥርና ውሃ ይፈልጋል። ከሁሉም በላይ በዙሪያው ያለው ሰው ይፈልገዋል ወይ የሚለው ጥያቄ ይወስነዋል። ትናንት ከዚያ ኮረብታ ቅጠል ለቅማ ቤተሰብ ታስተዳድር የነበረች ሴት ዛሬ ከአጥሩ ውጭ ብቻ ከቀረች፣ ሰብሳቢው ዕቃውን ከባለቤቱ የሚለይበት የድሮው ሕግ በአዲስ መልክ ተመለሰ ማለት ነው።

ከጎንደር እስከ ጉለሌ የታየው ታሪክ የሚያስተምረው፣ ስብስብን ስብስብ የሚያደርገው ብዛቱ ሳይሆን አብሮት የሚመዘገበው የባለቤቶቹ ዕውቀት መሆኑን ነው። መቅደላ ላይ ዕቃው ተወስዶ ዕውቀቱ ቀረ፤ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎች ሁለቱን አንድ ላይ አመጡ፤ የዕፀዋት መዝገቡ ዳኝነቱን ወደ አገር መለሰ። የቀረው ሥራ ተቋማቱን ማገናኘት ነው። በጉለሌው ማዕከል የኮሶ ዛፍ ሥር የሚቆመው መግለጫ የሐገንን ስም ብቻ ከያዘ የብሩስ ዘመን አላለፈም። የዛፉ ስም በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም፣ አበባው የሚለቀምበት ወር፣ የሚጠጣበት መጠንና የሚያስከትለው አደጋ፣ በሽሮ ሜዳና በእንጦጦ ያሉ አዛውንቶች የሚያስታውሱት ልማድ አብረው ሊጻፉ ይገባል። ይህን የሚያውቁ ሰዎች ዛሬም አሉ፤ የዘመኑ ኪኒን ኮሶን ከተካው ወዲህ ግን ቁጥራቸው እየሳሳ ነው። ጠያቂው ደብተሩን ይዞ ወደ እነሱ መሄድ ያለበትም ስለዚህ አሁን ነው።